አብሮን የሚኖር የእርሻ ረዳት ልንቀበል ነው፤ ያለፋችሁበት ምከሩን

የሱሉልታዋ (ኅዳር 3)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ ነው።

ያለነው ሱሉልታ ዳር ነው። አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተናል፤ ላሞቹ ግን ገና አልሰሙም። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና አማቴ ነን። ሁለት የሚታለቡ ላሞች፣ አንድ ጊደር፣ ሠላሳ የሚሆኑ ዶሮዎችና አራት ቀፎ አሉን። ከቤቱ ጀርባ ድንች፣ ጎመን፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት እንተክላለን። እበቱ የማብሰያ ጋዝ በሚሰጠን የባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ዝቃጭ ብስባሹ ላይ ይፈሳል፣ ብስባሹ ወደ ድንቹ ይሄዳል፣ የድንቹ ልጣጭ ተመልሶ ለላሟ ይሰጣል። ሲያወሩት ያምራል። ሲሠሩት ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል።

ባዮጋዙ ብቻውን አንድ ሰው ይፈልጋል። የኛ ባለ 6 ሜትር ኩብ ነው። በየቀኑ 40 ኪሎ ገደማ እበት፣ እኩል ውሃ ተጨምሮበት፣ ተበጥብጦ ይገባል። ሁለት ሦስት ቀን ከተዘለለ እሳቱ ይደክማል። አማቴም ወዲያው «ድሮስ ኩበት ምን አደረጋችሁ?» ይላሉ።

ባለቤቴ ከተማ ነው የሚሠራው፤ ሄዶ እስኪመለስ ይመሻል። እኔን ደግሞ ወገቤን ካመመኝ ወዲህ ሁለት ላም ማለብ ከበደኝ። ስለዚህ አብሮን የሚኖር ሰው ለመቀበል አሰብን። እርሻ መማር የሚፈልግ ወጣት ቢሆን ደስ ይለናል። ማደሪያ፣ ምግብና ሙያ ከእኛ፣ ጉልበት ከእሱ። ፈረንጆቹ «ዉፍ» የሚሉት አሠራር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ አገር ነው የተጀመረው። ለንደን ውስጥ በጸሐፊነት የምትሠራ አንዲት ሴት፣ ከተሜው ቅዳሜና እሁድ ገጠር ወጥቶ እርሻ ላይ እንዲሠራ ብላ ያሰበችው ነገር ነው። አሁን ሰው ከአገር አገር እየዞረ፣ በቀን ጥቂት ሰዓት ሠርቶ እዚያው እየበላ ያድራል። ገንዘብ የሚባል የለም።

እስካሁን ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቱም ፈርሷል።

መጀመሪያ የባለቤቴ አክስት ልጅ መጣ። ዘመድ ነው ብለን ስለ ደመወዝ ማውራት አፈርን። እሱም ዘመድ ናቸው ብሎ መጠየቅ አፈረ። ስምንት ወር ከቆየ በኋላ ለመስቀል አገር ቤት ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቱ እስከ ዛሬ አኩርፋናለች።

ቀጥሎ ሁለት ፈረንጆች በሰው በሰው መጥተው ሦስት ሳምንት ቆዩ። ደግ ልጆች ነበሩ። ግን አማቴ እንግዳ ሲሠራ ማየት አይችሉም። ልጆቹ አካፋ ሲያነሱ እሳቸው ቡና ያፈላሉ። ሦስተኛው እስኪጠጣ ረፋዱ ያልቃል። ሲሄዱ በድንጋይ የታጠረ ቆንጆ የቅመማ ቅመም መደብ ትተውልን ሄዱ። ውሃ የሚያጠጣው ስላልነበረ ደረቀ።

ሦስተኛው በደላላ የመጣ ሰው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጠፋ፤ አንድ የወተት ማመላለሻም አብሮት ጠፋ።

አሁን ድርቆሹ ሊገባ ነው፣ የገና ጾምም ኅዳር 15 ይጀምራል። ጥያቄዎቼ፦ ደመወዝ ነው የኪስ ገንዘብ? በቀን ስንት ሰዓት? ከእኛ ጋር አንድ ቤት ይደር ወይስ ለብቻው? ምግቡስ እንዴት ነው?

ሰበታ_ዳር (ኅዳር 3)

ልጄ፣ እኔ ላም ከያዝኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሰውም እንደዚያው ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ። የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። የመጀመሪያው ዘመድ ነበር፣ ሁለተኞቹ እንግዳ፣ ሦስተኛው ቅጥር። ለሦስቱም የሰጠሻቸው ሥራ ግን አንድ ነው። በሩን ሳይገባ ማን እንደሆነ ንገሪው። «እንተያያለን» ብለሽ ካስገባሽው፣ አንቺ በልብሽ አንድ ነገር ታስቢያለሽ፣ እሱም በልቡ ሌላ።

የፈረንጁን ነገር አላውቀውም። ግን እኛም ያለ ገንዘብ መሥራት እናውቃለን። ደቦ አለ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘፈናል፣ ማታ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወንፈል አለ፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ። ስምንት ወር የሚቆይ ደቦ ግን የለም። የአክስቱ ልጅ ቀን የሚመልስለት ሰው አልነበረም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ደመወዝ እከፍላለሁ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ጥጃ በርቢ እሰጣለሁ። ጥጃዋን እሱ ያሳድጋል፣ መኖው ከእኔ ነው፣ ስትሸጥ ግማሹ የእሱ ነው። አሁን ያለው ልጅ አምስተኛ ዓመቱ ነው። ጥጃዋ ካሳለች ከእኔ በፊት የሚነቃው እሱ ነው።

ግራ_ገባኝ (ኅዳር 4)

ይቅርታ አድርጊልኝና በቀጥታ ልናገር። «ጉልበት ከእሱ፣ ሙያ ከእኛ» ማለት በአማርኛ «አልከፍልም» ማለት ነው። የፈረንጁ ልጅ አገሩ ቤት አለው፣ የመመለሻ ትኬት አለው፣ ሲሰለቸው ይሄዳል። ከገጠር የመጣች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ወዴት ትሄዳለች? አንድ ነገር አይደሉም። ሙያ የምታስተምሩ ከሆነ ደግሞ ምን እንደምታስተምሩ ጻፉት። እበት ማቡካት ሙያ ነው እንዳትሉኝ ብቻ።

የሱሉልታዋ (ኅዳር 4)

ግራ ገባኝ፣ ትንሽ ቆጥቁጦኛል፣ አልዋሽም። ትናንት ማታ መልስ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። የአክስቱን ልጅ ነገር ሳስበው ግን ያልከው ልክ ነው። አንድም ቀን «ምን ተማርክ?» ብለነው አናውቅም።

ጋሼ ሰበታ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የርቢውን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለት። «ጊደሯን እንዳትነኪ» አለኝ። እንግዲህ ለመደራደሪያ አንድ ነገር አገኘሁ ማለት ነው።

የማታ_ተማሪ (ኅዳር 4)

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ። ሰው ቤት ውስጥ ሆኜ ላም ጠብቄያለሁ፣ አልቤያለሁ፣ ግቢ ጠርጌያለሁ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም።

ስመጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። በር ላይ እትዬ ተቀብለውኝ «እንደ ልጃችን ነህ» አሉኝ። በዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ልጅ ስለሆንኩ ደመወዝ አልጠይቅም። ልጅ ስለሆንኩ ማታ 4 ሰዓትም ብጠራ እነሳለሁ። ልጅ ስለሆንኩ ክፍሌ ቁልፍ አያስፈልጋትም። የእነሱ ልጅ ግን ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። እኔ ማታ እንድማር ተነግሮኝ ነበር፤ «ከመስከረም ጀምሮ»። ሁለት መስከረም አለፈ።

ደመወዜ ነበረ፣ ተነግሮኛል። ግን «እጅህ ላይ ይበተናል፣ እኔ ጋ ይጠራቀምልህ» ተባልኩ። እናቴ ታማ ልሄድ ስል ሒሳብ ተሠራ። የቦቲው ተቀነሰ። የተሰነጠቀው ጀሪካን ተቀነሰ። ጭልፊት የወሰደው ጫጩት ሳይቀር ተቀነሰ። የተረፈው ትራንስፖርት ሆነ።

ስለ ምግብ ጠይቀሻል። እኔ የበላሁት የእነሱን ወጥ ነው፣ አልራበኝም። ግን ሁልጊዜ እነሱ ከተነሡ በኋላ፣ ማዕድ ቤት ውስጥ፣ ቆሜ ነው የበላሁት። አንድ ቀን የቤቱ አባት የሆኑት ሽማግሌ «ና እዚህ ተቀመጥ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። የዚያን ቀን ሽሮ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። ንብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ቀፎ ሲከፈት በየት በኩል መቆም እንዳለብኝ፣ ለንቦቹ ምን ያህል ማር መተው እንዳለበት፣ አውራዋን እንዴት እንደምለይ። እሳቸው ባይኖሩ ያ ቤት ለእኔ ባዶ ነበር።

እህቴ፣ ብትጠይቂኝ ሦስት ነገር ነው የምፈልገው የነበረው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር። በስሜ የባንክ ደብተር። ሥራዬ የሚያልቅበት ሰዓት። ደግነቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፣ ማታ እማራለሁ። ቦሌ ውስጥ ተኝቼም ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዐይኔ ይገለጣል። የሚታለብ ላም የለኝም።

ዓለምገና_ጓሮ (ኅዳር 4)

እኔ አለቀስኩ። አሠሪም ነበርኩ፤ «እኔ ጋ ይጠራቀም» ብዬ አውቃለሁ። በቅን ልብ ነበር ያልኩት። ለማንኛውም አሁን እኛ ጋ ካለችው ልጅ ጋር ነገ ባንክ እሄዳለሁ።

ሕግ_ቀመስ (ኅዳር 5)

ጥብቅና ላይ አይደለሁም፣ ግን የተማርኩት ሕግ ነው። ባጭሩ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይሸፍንም። የቤት ሠራተኛ ከአዋጁ የምትወጣው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «ለቤት ሠራተኛ ሕግ የለም» ይላል። ስህተት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2601 ጀምሮ አሠሪው ቤት ውስጥ ስለሚኖር ሠራተኛ ይናገራል። መኝታው፣ ምግቡ፣ የሥራና የእረፍት ሰዓቱ ጤናውንና ክብሩን የማይጎዳ እንዲሆን ማድረግ የአሠሪው ግዴታ ነው።

የሱሉልታዋ፣ አንቺን የሚመለከተው ሌላ ነጥብ አለ። ወተቱን የምትጠጡት እናንተ ብቻ ከሆናችሁ አንድ ነገር ነው። ለካፌ ወይም ለጎረቤት የምትሸጪ ከሆነ ግን ሰውየው የቤት አገልጋይ ሳይሆን ትርፍ በሚያስገኝ እርሻ ላይ የሚሠራ ሠራተኛ ነው ብሎ የሚከራከርሽ ሰው ጥሩ መነሻ አለው። ያኔ አዋጁ ይመጣል፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ። እኔ ብሆን ይመለከተኛል ብዬ እነሣለሁ። በኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ አይሠራም። ልብ በሉ፣ የሌሊት 11 ሰዓት አለባ እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

ለፈረንጆቹ ደግሞ፣ የቱሪስት ቪዛ የሥራ ፈቃድ አይደለም። «ገንዘብ አልከፈልኩም፣ ምግብና መኝታ ብቻ ነው» ማለት ብዙ አያድንም። ቡና ጠጥተው ቢሄዱ ግን ማንም አይጠይቅሽም። አማትሽ ሳያውቁት ሕግ አስከብረዋል።

ፉርሽካ_ተወደደ (ኅዳር 5)

የሱሉልታዋ አማት ይሾሙልን።

እኔ አንድ ነገር ብቻ። ሰው ሁሉ ስለ ደመወዝ ያወራል፣ ስለ በዓል ማንም አያወራም። የኛ ልጅ ጉራጌ ነው፣ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ በገመድ ብታስረውም አይቀርም። በፊት የነበረችው ለፋሲካ ትሄድ ነበር። ላም ደግሞ በዓል አታውቅም። በቀን ሁለቴ ካልታለበች ጡቷ ያብጣል፣ ከዚያ ሐኪም፣ ከዚያ መድኃኒት፣ ከዚያ ወተቱን መድፋት።

ስለዚህ ከረዳቱ ሌላ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ማለብ አለበት። ላሟም ሁለት እጅ መልመድ አለባት። በሳምንት አንድ ቀን ባለቤትሽ ይለብ። ካልለመደችው በበዓል ቀን በእርግጫ ነው የምትቀበለው። ከልምድ ነው የምናገረው፣ ጉልበቴ ላይ ምልክቱ አለ።

የሱሉልታዋ (ኅዳር 5)

ለባለቤቴ አነበብኩለት። ጸጥ አለ።

ሕግ ቀመስ፣ ወተቱን እንሸጣለን። ለሦስት ጎረቤትና ለአንድ ቁርስ ቤት። ስለዚህ ገባኝ።

ነርስ_ለገጣፎ (ኅዳር 6)

ስለ ክፍሉ ጠይቀሽ ነበር፣ ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሱሉልታ አሁን ውርጭ ነው። ጧት ጎመኑ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። ለረዳት የሚሰጠው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው፣ ቀዳዳው በጨርቅ የተወተፈ። ልጁ ሲበርደው ምን ያደርጋል? ከማዕድ ቤት የተረፈውን ፍም በማንደጃ ይዞ ይገባና በሩን ዘግቶ ይተኛል።

እባካችሁ። የከሰል ፍም ጭስ ባይኖረውም ይገድላል። ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ የተኛውን ሰው አይቀሰቅሰውም። ሌሊት ተረኛ ሆኜ እንደዚህ የመጡ ሰዎች ተቀብያለሁ፤ ስለ እያንዳንዱ አልናገርም። ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስጡ። ኮርኒስ አድርጉ። ግድግዳው አናት ላይ የማይዘጋ የአየር መውጫ ተዉ። ፍም ወደ መኝታ እንደማይገባ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ተናገሩ፣ ምክንያቱንም ንገሩት። «አይቻልም» ብቻ ካላችሁት ደብቆ ያስገባል።

ሁለተኛ፣ ላም ስታስወርድ በባዶ እጅ እንዳይነካ። ጽንስ የሚያስወርደው በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ትኩሳቱና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ለወራት የሚቆይበት ሰው አለ። ጓንት ውድ አይደለም። ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፣ ልጆቻችሁም ጭምር። ውሻችሁንም አስከትቡ፤ አዲስ ሰው ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚነከሰው እሱ ነው።

ሆለታ_ድንች (ኅዳር 7)

ግራ ገባኝ «ምን እንደምታስተምሩ ጻፉ» ያለው ትልቅ ነገር ነው። እኔ በየዓመቱ ከግብርና ኮሌጅ የሚወጡ ልጆች እቀበላለሁ፣ ሦስት ወይም አራት ወር ይቆያሉ። መጀመሪያ ላይ «አብረን ስንሠራ ይማራሉ» እል ነበር። አይማሩም። የሚማሩት መቆፈር ነው፣ እሱን ደግሞ ሲመጡም ያውቁታል።

አሁን ለእያንዳንዱ አንድ መደብ እሰጣለሁ። የራሱ ነው። ምን እንደሚዘራ እሱ ይወስናል፣ ሲበላሽም የሚበላሸው የእሱ ነው። ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ ጉደኔና በለጠ የሚባሉትን የድንች ዝርያዎች ጎን ለጎን ተከለች። በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን እያየች፣ ዋግ ሲጀምር ቀኑን እየጻፈች፣ መጨረሻ ላይ በሚዛን መዘነች። የጻፈችበት ደብተር እኔ ጋ ቀርቷል፤ ዘንድሮ ዘር የመረጥኩት ከእሱ ነው። ማን ማንን እንዳስተማረ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

ብስባሽም እንደዚሁ። «እዚህ ድፋ» አትበሉት። እጁን ክምሩ ውስጥ አስገብቶ ሙቀቱን ይይ። ካልሞቀ ምን እንደጎደለው ይገምት፤ ውሃ ነው፣ እበት ነው፣ አየር ነው? አንዴ ራሱ ካገኘው አይረሳውም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ የኔ ልጆች ጧት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9 እስከ 12 ይሠራሉ። መሐሉ የራሳቸው ነው። ፀሐዩም፣ ላሟም፣ ሰውም የሚያርፍበት ሰዓት ነው። መሐል ላይ «አንድ ጊዜ ወደ ሱቅ» ብዬ አልጠራም። ይሄን ለመልመድ እኔ ራሴ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዓለምገና_ጓሮ (ኅዳር 7)

የምግቡን ነገር ማንም አልመለሰላትም። እኛ ጋ ያለችው ሙስሊም ናት፣ እኛ ኦርቶዶክስ ነን። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሥጋ ብቻ ነበር፤ እኛ ያረድነውን አትበላም፣ እሱ ቀላል ነው። በዓል ሲሆን ለእሷ ከራሳቸው ሥጋ ቤት እናስመጣለን፣ ድስቷም ለብቻ ነው። የከበደው ጾሙ ነው። እኛ ስንጾም ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሽሮና ምስር ነው። እሷ ሳትጾም ከእኛ ጋር 55 ቀን ጾመች ማለት ነው። አንድም ቀን አልተናገረችም። ነገሩ የገባኝ ረመዳን ሲመጣ ነው፤ ያኔ እሷ ጾማ እኛ ፊቷ ስንበላ ዋልን።

አሁን በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል በነፃነት የእሷ ነው። በዐቢይ ጾም ወተት ገዢ እንኳ የለም እኮ፣ ቅቤ ነው የምናወጣው። በረመዳን ደግሞ ፀሐይ ስትገባ የመጀመሪያው ሾርባ የሚወጣው ለእሷ ነው፣ እኛ እንጠብቃለን። የኔ ልጆች አሁን ከእሷ ይልቅ ሰዓቱን የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ሳምቡሳ ስላለ ነው።

ስትቀበሉ ጠይቁ ለማለት ነው። «ምን ትበያለሽ፣ መቼ ትጾሚያለሽ፣ የት ትጸልያለሽ?» ነውር የለውም።

የሱሉልታዋ (ኅዳር 12)

ሰንበት ብያለሁ፣ ድርቆሽ ስናስገባ ነበር።

ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ቤተሰቡን ሰበሰብኩ። አንድ ወረቀት ጻፍን፣ አማርኛና ኦሮምኛ፣ ጎረቤታችን ተረጎመልን። ደመወዝ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ በራሷ ወይም በራሱ ሒሳብ። ጧትና ከሰዓት፣ መሐሉ እረፍት። እሁድ ሙሉ ቀን ነፃ። አንድ መደብ የራስ። ዕድሜ ከ18 በላይ። መታወቂያና ዋስ ከእነሱ፤ ከእኛም ደግሞ ሁለት ከዚህ በፊት የነበሩ ሰዎች ስልክ፣ ደውለው ስለ እኛ እንዲጠይቁ። (የአክስቱን ልጅ ስልክ ለመስጠት መጀመሪያ ደውዬ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። ጠየቅሁ። የስምንት ወሩንም አሰብንለት፤ በሁለት ጊዜ ከፍለን እንጨርሳለን። እናቱ ስልኩን ተቀብላ አንድ ሰዓት አወራችኝ።)

የርቢው ነገር በከፊል አልፏል። ጊደሯ ሳትሆን የሚቀጥለው ጥጃ።

ጠቡ የተነሣው በሩ ላይ ነው። አማቴ «በገዛ ግቢያችን የሚቆለፍ በር? ምን ደብቃ ነው? እኛ ሌባ ነን ወይስ እሷ?» አሉ። ወረቀቱም ደስ አላላቸውም። «እኔ ስንት ሰው አሳድጌ ድሬያለሁ፣ አንዱንም አስፈርሜ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው ያሳደጓቸው ሰዎች እስከ ዛሬ በዓል ሲመጣ ይጠይቋቸዋል። መልስ አጣሁ። የማታ ተማሪ የጻፈውን አነበብኩላቸው። ጫጩቱ ጋ ስደርስ «አቁሚ» አሉኝ። በማግስቱ አናጺው መጥቶ መቀርቀሪያና ቁልፍ ገጠመ። ማን እንደጠራው አልጠየቅሁም።

የማታ_ተማሪ (ኅዳር 12)

እናታችንን ሳሙልኝ።

ግራ_ገባኝ (ኅዳር 12)

የፈረንጁ ነገርስ ቀረ?

የሱሉልታዋ (ኅዳር 13)

ቀረ። እንግዳ ሆነው ከመጡ ቡና አለ።

ሰበታ_ዳር (ኅዳር 14)

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ልጄ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሙከራ አድርጉት፣ ለሁለታችሁም። እሷም «አልወደድኩትም» ብላ በሰላም የምትወጣበት በር ይኑራት። የሁለት ሳምንቱ ይከፈላታል።

የሱሉልታዋ (ታኅሣሥ 7)

እንዴት ሆነ ላላችሁኝ። መጥታለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግብርና ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የነበረች። ሁለት ሳምንቱ አልፎ ፈርማለች። ውርጩ አንዱን የሰላጣ መደብ ሙልጭ አድርጎ በላው። የእሷን መደብ ግን ማታ ማታ በድርቆሽ እየሸፈነች አተረፈችው። አሁን ባለቤቴ የእኛንም እንድትሸፍንለት ሊጠይቃት ፈልጎ፣ ሥራ ሰዓት ውስጥ ይሁን አይሁን ግራ ገብቶት ይዞራል።

ባለፈው እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ አለበ። ፉርሽካ እንዳለው ለማለማመድ ነው። ቀይዋ ላም ዞር ብላ አየችው፣ ትንሽ ታገሠችው፣ ከዚያ ባልዲውን በእግሯ አነሣችው። ልጅቷ ጩኸቱን ሰምታ ቁልፏን ከፍታ እየሮጠች ወጣች። አማቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዘራቸውን አሻግረው መንገዱን ዘጉባትና «ዛሬ እሁድ ነው፣ ተመለሺ! እሱ ይልመድ» አሏት።

ፉርሽካ_ተወደደ (ታኅሣሥ 7)

ስንት ሊትር ፈሰሰ?

የሱሉልታዋ (ታኅሣሥ 7)

አራት። ድመቷ ጾም ገደፈች።